ምዕራፍ ስድስት፦ ከዘመቻ ወደ ሒሳብ፤ የተፈጥሮ ሀብት አጠባበቅን ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማስተማር

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አካባቢን ስለ መጠበቅ የሚነገረው ጥቂት አይደለም። የጂኦግራፊ ትምህርት የደን መመናመንንና የአፈር መሸርሸርን መንስኤዎች ይዘረዝራል፤ የባዮሎጂ ትምህርት ስለ ሥነ ምኅዳር፣ ማለትም ሕይወት ያላቸው ነገሮች እርስ በርሳቸውና ከሚኖሩበት አካባቢ ጋር ስላላቸው ትስስር ያስረዳል፤ በብዙ ትምህርት ቤቶችም የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተቋቁሞ ክረምት ሲገባ ችግኝ ይተከላል። ይህ ሁሉ ሆኖ አንድ ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ትምህርት ቤቱ በወር ስንት ሊትር ውሃ እንደሚጠቀም፣ በቤቱ አንድ ጊዜ እንጀራ ለመጋገር ስንት ኪሎ እንጨት እንደሚነድ፣ ባለፈው ክረምት በግቢው ከተተከሉት ችግኞች ስንቱ እንደጸደቀ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልስ የለውም። ትልቁ ጉድለት ያለውም እዚህ ላይ ነው። ዛፍ ጠቃሚ መሆኑን ያልሰማ ሰው ዛሬ ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሀብት የሚያልቀው ያለው ምን ያህል እንደሆነ፣ በዓመት ምን ያህሉ እንደሚተካ፣ ማን ምን ያህል ሊወስድ እንደሚገባው የሚቆጥርና በቆጠረው ላይ የሚስማማ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ ለወጣቶች የሚሰጠው ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ የመለካትና የጋራ ደንብ የማውጣት ትምህርት ሊሆን ይገባል።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ጊዜ ከሌላው ሁሉ ይመቻል። ታች ክፍል ያለ ልጅ ተክልና እንስሳ መውደድን ሊማር ይችላል፤ መቶኛ ማስላት፣ ይዘት መለካትና የመስመር ግራፍ ማንበብ የሚችለው፣ እነዚህንም አንድ ላይ አገናኝቶ ድምዳሜ ላይ የሚደርሰው ግን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪው ነው። ከዚህ በተጨማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሻገረው ከተማሪው ጥቂቱ ሲሆን፣ የቀረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ መሬት የሚያርስ፣ ጎጆ የሚወጣ፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ እጁን የሚያወጣ ዜጋ ይሆናል። ለአብዛኛው ወጣት ስለ ውሃ፣ ስለ አፈርና ስለ ማገዶ በሥርዓት የሚማርበት የመጨረሻው አጋጣሚ ይኸው ነው ማለት ይቻላል።

ክምችትና ጭማሪ

ተማሪው መጀመሪያ ሊይዘው የሚገባው በክምችትና በጭማሪ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ክምችት የሚባለው በአንድ ወቅት ያለው የሀብቱ ጠቅላላ መጠን ነው፤ በደን ውስጥ የቆመው እንጨት፣ በሐይቅ ውስጥ ያለው ውሃ፣ በማሳ ላይ ያለው ለም አፈር ክምችት ነው። ጭማሪ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በተፈጥሮ ሂደት የሚታከለው መጠን ነው። ታዳሽ ሀብት የሚባለው ይህ ጭማሪ በሰው ዕድሜ ልክ የሚታይ ሲሆን ነው፤ ነዳጅ ዘይትንና ማዕድንን የመሰለው ሀብት ግን ለመተካት ከሰው ታሪክ እጅግ የረዘመ ጊዜ ስለሚወስድ ታዳሽ ያልሆነ ይባላል። ዘላቂ አጠቃቀም ማለትም ክምችቱን ሳይነኩ በጭማሪው መኖር ነው፤ ላሟን ሳያርዱ ወተቷን እንደ መጠጣት ያለ ነው። ሐሳቡ ከማዕድን ሥራ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1713 በጀርመን የሳክሶኒ ግዛት የማዕድን አስተዳዳሪ የነበረው ሃንስ ካርል ፎን ካርሎቪትዝ ለማዕድን ማቅለጫና ለጉድጓድ ድጋፍ የሚውለው እንጨት እያለቀ መሄዱ ስላሳሰበው፣ የሚቆረጠው ከሚበቅለው እንዳይበልጥ የሚያሳስብ መጽሐፍ አሳተመ። በግሮ ሃርሌም ብሩንትላንድ የተመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ይህንኑ ሐሳብ ከደን አውጥቶ ለልማት ሁሉ መመዘኛ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

አፈር በዚህ ረገድ አታላይ ሀብት በመሆኑ ልዩ ትኩረት ይሻል። በዓለት መፈርፈርና በእፅዋት መበስበስ ስለሚፈጠር በስም ታዳሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊወስድ ስለሚችል፣ በአንድ የዝናብ ወቅት የታጠበውን አፈር ያጠበው ትውልድ ተተክቶ አያየውም።

የእነዚህን ሁለት ቃላት ክብደት ለማስረዳት ከሐረር በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የሚገኘው የሐሮማያ ሐይቅ ታሪክ ከየትኛውም ምሳሌ ይበልጣል። ሐይቁ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲያቀርብ፣ በዙሪያው ያለው ገበሬ ጫቱን፣ ድንቹንና አትክልቱን በሞተር እየሳበ ሲያጠጣበት ኖሮ፣ ቀስ በቀስ እየሸሸ ሄዶ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ አልጋው ደረቅ መሬት ሆነ። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ከተራቆቱት ኮረብቶች በጎርፍ የሚመጣው ደለል ሐይቁን ከታች ሞላው፣ በሞተር የሚሳበው ውሃ ከዓመት ዓመት ጨመረ፣ ከተማው አደገ፣ ጥልቀቱ ባነሰ ቁጥርም ከቀረው ውሃ ውስጥ በትነት የሚጠፋው ድርሻ ከፍ አለ። ተማሪዎች እነዚህን ገቢዎችና ወጪዎች በሰሌዳ ላይ በሁለት ረድፍ ቢጽፉ የውሃ ሚዛን የሚባለውን ስሌት ይሠራሉ፤ በአንድ ወገን ዝናብ፣ ጎርፍና ምንጭ፣ በሌላው ወገን ትነት፣ ስርገት፣ መስኖና የከተማ አቅርቦት ይሰፍራሉ፤ ወጪው ለብዙ ዓመታት ገቢውን ከበለጠ ሐይቁ መድረቁ የማይቀር መሆኑንም በራሳቸው እጅ ያረጋግጣሉ። ከአሥር ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በሐይቁ አልጋ ላይ ውሃ ተመልሶ መታየቱ ደግሞ ሚዛኑ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እንደሚሠራ ስለሚያሳይ የትምህርቱ አካል መሆን አለበት። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ አንድ እውነት አለ፦ ይህ ሐይቅ የደረቀው ከአገሪቱ ቀደምት የግብርና ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ደጃፍ ላይ ነው። በአካባቢው የጎደለው ዕውቀት አልነበረም፤ የጎደለው የሞተሮቹን ባለቤቶች ሁሉ በአንድ ስምምነት የሚያስር ሥርዓት ነበር።

ከሽምብራ እስከ ጓሳ

አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው እጅግ በታወቀ ጽሑፍ በሐሮማያ የታየውን የመሰለ ሁኔታ የጋራ ሀብት መከራ ብሎ ገልጾታል። ክርክሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ለሁሉም ክፍት በሆነ የግጦሽ መሬት ላይ አንድ ከብት የጨመረ አርቢ ጥቅሙን ብቻውን ሲያገኝ፣ በሣሩ ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ግን ከሁሉም ጋር ይካፈለዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ለራሱ በሚበጀው መንገድ ሲያስብ ሁሉም አንድ ላይ መሬቱን ያራቁቱታል። ክርክሩን ለተማሪ በቃል ከመንገር ይልቅ በጨዋታ ማሳየት ይቻላል። አራት ተማሪዎች አንድ ሳህን ከበው ይቀመጣሉ፤ በሳህኑ ላይ 16 የሽምብራ ፍሬ ይደረጋል፤ በየዙሩ እያንዳንዱ ተማሪ ሳይነጋገር የፈለገውን ያህል ይወስዳል፤ በዙሩ መጨረሻ የተረፈው በእጥፍ ይጨመራል፣ ከ16 ግን አይበልጥም። እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ቢወስድ 8 ተርፎ እንደገና 16 ይሆናል፣ ጨዋታውም ማለቂያ የለውም። ሦስት ሦስት ቢወስዱ 4 ተርፎ 8 ብቻ ይሆናል፤ በቀጣዩ ዙር ሁለት ሁለት እንኳ ቢወስዱ ሳህኑ ባዶውን ይቀራል። ይህ ሁለተኛው ውጤት በጥሞና ሊታይ ይገባል፤ ትናንት ልከኛ የነበረው ድርሻ ክምችቱ ከተጎዳ በኋላ ዛሬ አጥፊ ሆኗልና። ከዚያም ተማሪዎቹ እየተነጋገሩና ደንብ እያወጡ ደግመው እንዲጫወቱ ይደረጋል።

ደግሞ መጫወቱ ሊቀር የማይገባው የሃርዲን ክርክር ግማሽ እውነት ስለሆነ ነው። እርሱ መፍትሔው የጋራውን ሀብት ወደ ግል ይዞታ ማዞር ወይም በመንግሥት እጅ ማድረግ ነው ብሎ ሲያምን፣ ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለችው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር በስዊዘርላንድ ተራሮች፣ በጃፓን መንደሮች፣ በስፔን የመስኖ አውታሮችና በሌሎችም ስፍራዎች የነበሩትን ልምዶች መርምራ፣ ተጠቃሚዎች ራሳቸው ባወጡት ደንብ ሀብታቸውን ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀው ማቆየታቸውን አሳየች፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ስትሸለምም በዘርፉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በእርሷ ጥናት መሠረት የጋራ ሀብትን ያቆየ ደንብ የሚጋራቸው ባሕርያት አሉ፦ ተጠቃሚው ማን እንደሆነና የሀብቱ ወሰን የት እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ደንቡ ከአካባቢው ጠባይ ጋር ይስማማል፣ ተጠቃሚዎች ደንቡን በማውጣት ይሳተፋሉ፣ ተቆጣጣሪው ተጠሪነቱ ለእነርሱ ነው፣ ቅጣቱም እንደ ጥፋቱ መጠን ደረጃ በደረጃ ይከብዳል።

ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ እስከ አልፕስ ተራሮች መሄድ አያስፈልገውም። በሰሜን ሸዋ መንዝ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው የጓሳ መሬት፣ ለመቶዎች ዓመታት ቄሮ በሚባል ባህላዊ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሮ ነበር። መሬቱ ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ረጅም ሣር ሲሆን፣ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ያገለግላል። ተጠቃሚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች ተብለው የሚታወቁ፣ ትውልዳቸውን ቆጥረው ድርሻቸውን የሚያረጋግጡ ሰዎች ነበሩ፤ አባ ቄራ የሚባሉት ኃላፊዎችም ከእነዚሁ መካከል ተመርጠው መሬቱን ይጠብቁ፣ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ያሳውቁ ነበር። መሬቱ ከተዘጋ እንደ ሣሩ ሁኔታ ለተከታታይ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ተዘግቶ ሊቆይ ይችል ነበር፤ ድርቅ ከጠና ደግሞ ቀድሞ ይከፈት ነበር። ሲከፈት መጀመሪያ ሣሩ ይታጨድ፣ ቀጥሎ ከብት ይገባ ነበር፤ ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ 5 የሐዋርያት በዓል ሲደርስ ሁሉም ከብቱን አውጥቶ መሬቱ እንደገና ይዘጋ ነበር። የቀኑ ምርጫ ብልህነት የሚታይበት ነው፦ ማንም የማይረሳው የታወቀ በዓል ከመሆኑም በላይ፣ ሣሩ ዝናብ አግኝቶ ማቆጥቆጥ በሚጀምርበት፣ የከብት ኮቴ ይበልጥ በሚጎዳው ወቅት ላይ ይውላል። ኦስትሮም ከዘረዘረቻቸው ባሕርያት አብዛኞቹ እዚህ ይገኛሉ፤ የታወቀ ተጠቃሚ፣ የታወቀ ወሰን፣ ከአየሩ ጋር የሚሄድ ደንብ፣ ከመካከል የተመረጠ ጠባቂ።

ታሪኩን ሳያጎድሉ ማስተማር ግን ተገቢ ነው። በዘር ሐረግ ላይ የቆመው ይህ ሥርዓት ከአስቦና ከጌራ ዘር ያልሆነውን ጎረቤት ከጥቅሙ ውጭ ያደርግ ነበር፤ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲታወጅም ቄሮ ከነበረበት የርስት ሥርዓት ጋር አብሮ ፈረሰ፣ ቦታው ለብዙዎች ክፍት ሲሆንም ሣሩ ላይ ያለው ጫና በረታ። በኋላ ማኅበረሰቡ በገበሬ ማኅበራትና በመተዳደሪያ ደንብ ላይ የቆመ አዲስ የጥበቃ ሥርዓት አቋቁሞ፣ ዛሬ ጓሳ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚታዩበት በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ሆኗል። ለክፍል ውይይት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ማግኘት ይከብዳል፦ ፍትሐዊ ያልነበረ ነገር ግን ሣሩን ያቆየ ደንብ፣ ሣሩን ሳያጠፉ እንዴት ፍትሐዊ ሊደረግ ይችል ነበር? ተማሪዎች በዚህ ጥያቄ ላይ ለሁለት ተከፍለው ቢከራከሩ ስለ ዴሞክራሲ ከሚሰጠው ትምህርት ብዙውን ክፍል አብረው ይማራሉ።

በግቢ ውስጥ መለካት

ልኬቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1981 በስዊሱ ሊቅ ሃንስ ኹርኒ መሪነት የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በአንዲት ጥድ፣ በአንጀኒ፣ በማይባርና በሌሎች ቦታዎች በተከለሉ ማሳዎች ላይ የሚታጠበውን አፈር እየሰበሰበ ይመዝን ነበር፤ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ በመነሳትም በኢትዮጵያ በየዓመቱ የሚሸረሸረው አፈር 1.5 ቢሊዮን ቶን እንደሚደርስ የሚናገረው ታዋቂ ግምት ተሰጥቷል። ይኸው ዘዴ በክፍል ውስጥ በሁለት ባዶ ሃይላንድ ሊደገም ይችላል። ሁለቱ የፕላስቲክ ጠርሙሶች በጎናቸው ላይ ወደ ርዝመታቸው ተቆርጠው እኩል አፈር ይሞላባቸዋል፤ አንደኛው ባዶውን ይተዋል፣ ሁለተኛው በሣር ወይም በገለባ ይሸፈናል፤ ሁለቱም በተመሳሳይ ድንጋይ ላይ ተጋድመው አፋቸው ወደ ታች ከተዘነበለ በኋላ በተበሳ ጣሳ እኩል ውሃ ይርከፈከፍባቸዋል። የወረደው ውሃ በብርጭቆ ተይዞ በነጠላ ቁራጭ ይጠለላል፣ በጨርቁ ላይ የቀረው አፈር በፀሐይ ደርቆ ይመዘናል። ከባዶው ጠርሙስ የወረደው ውሃ ደፍርሶ፣ ከተሸፈነው የወረደው ይበልጥ ጠርቶ ሲታይ ልዩነቱን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ቁጥሩ ግን መመዝገብ አለበት። ከዚያ ወደ ማሳው ይታለፋል፦ ከአንድ ሄክታር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ቢታጠብ 10 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ ክብደቱም ወደ 12 ቶን ይጠጋል። በዓይን የማይታወቅ ስስ ሽፋን ይህን ያህል መሆኑን በራሱ ማባዛት የደረሰበት ተማሪ፣ እርከን የሚሠራበትን ምክንያት ሌላ ሰው እንዲነግረው አይጠብቅም።

የውሃው ሒሳብ ከዚህም የቀለለ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ስለሆነ፣ 300 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው የመማሪያ ሕንፃ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አካባቢ 300,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል፤ ከአምስት እጅ አንዱ በፍሳሽና በትነት ቢጠፋ 240,000 ሊትር ይቀራል። ውጤቱ ሲሰላ ደስታ መፍጠሩ አይቀርም፤ ነገር ግን ለ1,000 ተማሪዎችና ለ200 የትምህርት ቀናት ሲከፋፈል ለአንድ ተማሪ በቀን 1.2 ሊትር ብቻ ይደርሰዋል። ለእጅ መታጠቢያ ይረዳል፣ የትምህርት ቤቱን ፍላጎት ሁሉ ግን አይሸፍንም፤ ዝናቡም በጥቂት ወራት ውስጥ ስለሚያበቃ የማጠራቀሚያው መጠን ሌላ ጥያቄ ይሆናል። በሰከንድ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ደግሞ ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ተብሎ ቢሰላ በቀን ከ4 ሊትር፣ በዓመት ከ1,500 ሊትር በላይ ያባክናል።

ከሁሉም ልኬቶች ለተማሪው ቤት የሚቀርበው የማገዶው ነው። ተማሪው እንጀራ ከመጋገሩ በፊት የተዘጋጀውን እንጨት ይመዝናል፣ ካበቃ በኋላ ሳይነድ የቀረውን መዝኖ ይቀንሳል፣ ልዩነቱን በእንጀራው ቁጥር ያካፍላል። በሦስት ጉልቻ የሚጋገርበት ቤትና ምጣዱ ዙሪያውን በተሸፈነ የተሻሻለ ምድጃ ላይ የሚጣድበት ቤት በተመሳሳይ ደረቅ እንጨት ቢነጻጸሩ፣ የተሻሻለው ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ይታያል፤ ክፍት እሳት ሙቀቱን በየአቅጣጫው ሲበትን የተሸፈነው ግን ወደ ምጣዱ ይመልሰዋልና። ይህ ልኬት የደን ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም መነገር አለበት። በአብዛኛው ገጠር እንጨቱን ሩቅ መንገድ ተሸክመው የሚያመጡት እናቶችና ልጃገረዶች ስለሆኑ፣ የተቆጠበው ኪሎ ከአንዲት ተማሪ ጀርባ ላይ የወረደ ሸክም፣ ለጥናት የተመለሰላት ሰዓትም ነው።

የችግኝ ተከላውም ከዚሁ ሒሳብ ውስጥ ሊገባ ይገባል። አረንጓዴ ዐሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በሁለተኛ ደረጃ የሚማር ወጣት አንድም ችግኝ ተክሎ አያውቅም ማለት አይቻልም፤ ይህ ትልቅ መነሻ ነው። የሚቀረው በመስከረም፣ በጥርና በግንቦት እየዞሩ የጸደቀውን መቁጠር፣ የሞተው ለምን እንደሞተ መመርመር ነው፦ ፕላስቲኩ ሳይቀደድ ተተክሎ ነው፣ ፍየል በልቶት ነው፣ ውሃ ጠምቶት ነው ወይስ ዝርያው ለቦታው አይሆንም? የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ጎንደር ባሉ የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ላይ ያደረጉት ሥራ እንዳሳየው፣ ደኑን በድንጋይ ካብ አጥሮ ከብት እንዳይገባ ማድረግ ወጣት ችግኞች በራሳቸው እንዲተኩ ትልቅ ዕድል ይሰጣል። ባሕር ዛፍንም በተመለከተ ተማሪው የተዘጋጀ ፍርድ ሊሰጠው አይገባም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ የማገዶና የግንባታ እንጨት ያጠራትን አዲስ አበባን የታደገ፣ ተቆርጦ ደግሞ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው፤ በአንጻሩ ውሃ በብዛት ይስባል፣ ከሥሩም እንደ ወይራና እንደ ጽድ ጥላ ብዙ ሣርና ቁጥቋጦ አያበቅልም። የት ቢተከል ይጠቅማል፣ የት ቢተከል ምንጭ ያደርቃል የሚለው ተለክቶ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ይህን ሁሉ ለመሥራት መምህሩ ብዙ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል፣ ከሚያቻኩል የትምህርት ዕቅድ ጋር እየታገለ መሆኑ አይካድም። አገር አቀፉ ፈተና በአብዛኛው የቃል ትርጉምና ዝርዝር ሲጠይቅ፣ መምህሩም ተማሪውም ጊዜያቸውን ወደዚያ ማዋላቸው የሚጠበቅ ነው፤ በመሆኑም ፈተናው ራሱ የሐይቅ ገቢና ወጪ በሠንጠረዥ ሰጥቶ በስንት ዓመት እንደሚደርቅና የትኛውን ወጪ መቀነስ እንደሚሻል መጠየቅ ቢጀምር፣ በክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ተከትሎት መለወጡ አይቀርም። ከዚያ በመለስ ግን ትምህርት ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ሲያረጋግጥ፣ በአንቀጽ 92 አካባቢን የመንከባከብን ግዴታ በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ጥሏል፤ ትምህርት ቤት ደግሞ ተማሪው በየቀኑ የሚያየው የመንግሥት ተቋም ነው። ተማሪዎች የሚያፈሰውን ቧንቧ ለክተው፣ ኪሳራውን በሊትርና በብር አስልተው ለአስተዳደሩ ሲያቀርቡ ቧንቧው ሳይጠገን ዓመቱ ካለፈ፣ የሚማሩት ነገር መለካት ከንቱ እንደሆነ ነው፤ ይህን ትምህርት ደግሞ በኋላ በማንኛውም መጽሐፍ ማስተካከል ያስቸግራል። ስለዚህ ክበቡ በየሴሚስተሩ የሚያቀርበው የልኬት ዘገባ በትምህርት ቤቱ የበጀት ስብሰባ ላይ በአጀንዳነት ሊያዝ፣ ርዕሰ መምህሩም የተደረገውንና ያልተደረገበትን ምክንያት በጽሑፍ ሊመልስ ይገባዋል።